አዲስ ተጎታች ቤት ስትገዙ የዲለር ክፍያ ድርድር፦ የትኛው ይወርዳል፣ የትኛው አይነካም?

ሸገር_ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለቤቱ። 26 ጫማ የሆነ አዲስ ተጎታች ቤት (ትራቭል ትሬለር) ዋጋ ተጠይቆ ከዲለር (ከሻጩ ድርጅት) በኢሜይል የመጣ ወረቀት ነው። የዲለሩን ስም ትቼዋለሁ።

የፋብሪካ ተመን (ኤም.ኤስ.አር.ፒ.)፦ 46,800 ዶላር
«ልዩ ዋጋ»፦ 37,900
ፍሬይት (ማጓጓዣ)፦ 2,450
ፕሬፕና ፒ.ዲ.አይ. (ማዘጋጃና ከርክክብ በፊት ፍተሻ)፦ 1,295
ዶክ ፊ (የወረቀት ሥራ ክፍያ)፦ 899
ባትሪና ፕሮፔን፣ «የጀማሪ ጥቅል»፦ 495
የቀለምና የጨርቅ መከላከያ፦ 1,195
የጎማና የቸርኬ ዋስትና፦ 795
ሂች (ተጎታቹን ከመኪናው የሚያያይዘው ብረት) ከነመግጠሚያው፦ 1,450
ድምር፣ ታክስና ታርጋ ሳይጨመር፦ 46,479

ከዚህ ውስጥ በሕግ ግዴታ የሆነው የቱ ነው? ሻጩ «ክፍያዎቹ ለሁሉም አንድ ናቸው፣ አይነኩም» ብሏል።

ሚዛን_ተራ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ደምሪና ቀንሺ። ከፋብሪካው ተመን 8,900 ቀነሱልሽ፤ ከሥሩ 8,579 ደረደሩበት። በእጅሽ የቀረው ቅናሽ 321 ዶላር ነው። በበር የሰጡሽን በመስኮት ወሰዱት።

በሕግ ግዴታ የሆነው ለመንግሥት የሚገባው ብቻ ነው፦ የሽያጭ ታክስ (ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ)፣ ስም ማዞሪያና ታርጋ። የቀረው ሁሉ የዲለሩ ነው። የዲለሩ ነው ሲባል ግን ሁሉም የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ማጓጓዝ እውነተኛ ወጪ አለው፣ ፒ.ዲ.አይ.ም እውነተኛ ሥራ ነው። መጠየቅ ያለበት ሁለቴ እየተከፈለበት እንዳይሆን ነው።

ፍሬይትን እንይ። አብዛኛው ተጎታች ቤት የሚሠራው ኢንዲያና፣ ኤልክሃርት አካባቢ ነው። ከዚያ ሰሜን ቨርጂኒያ 600 ማይል ገደማ ነው። 2,450ን ለ600 ብታካፍይው በማይል 4 ዶላር አለፍ ይላል፤ የብዙ አጓጓዦች ሂሳብ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ አንደኛ፣ 46,800 የሚለው ተመን ፍሬይትን ያካትታል ወይስ አያካትትም? አንዳንድ ፋብሪካ ያካትታል፣ አንዳንዱ አያካትትም። ሁለተኛ፣ የፋብሪካውን ኢንቮይስ የፍሬይት መስመር አሳዩኝ በያቸው። ካላሳዩሽ ቁጥሩ የነሱ ግምት ነው ብለሽ ተደራደሪ።

ተመኑንም ራሱን አትመኚው። አዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈውን የዋጋ ወረቀት የሚያስገድደው የ1958ቱ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ተጎታች ቤት በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። አንዳንድ ግቢ የተለጠፈው «ተመን» ዲለሩ ራሱ ያተመው ሊሆን ይችላል። የፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ያንኑ ሞዴል ከነአማራጭ ዕቃዎቹ አስተያዪ።

አሁን ሂሳቡ። በዚህ ገበያ ከተመኑ ከ20 እስከ 30 በመቶ መውረድ የተለመደ ነው። በ25 በመቶ 35,100 ይሆናል። ፍሬይቱን እንዳለ ብንቀበል 37,550፣ ዶክ ፊ ሲጨመር 38,449። በቨርጂኒያ ዶክ ፊውም ታክስ ስለሚነካው 4.15 በመቶ ወደ 1,596 ይመጣል። ጠቅላላው 40,045 ነው፤ ላዩ ላይ የታርጋና የስም ማዞሪያ ብቻ። መድረሻሽ ይህ ይሁን። መነሻሽን ግን በ30 በመቶ አድርጊው፦ 32,760 ሲደመር 2,450 ሲደመር 899፣ ማለትም 36,109 ከታክስ በፊት። ባትሪ፣ ፕሮፔንና ፒ.ዲ.አይ. በዚያው ውስጥ ናቸው።

ያገሬ_መንገድ፦
ምን ያደክማችኋል? ዶክ ፊ አልከፍልም ብሎ መነሳት ነው። እስከ በር ድረስ ተከትለው ያነሱታል።

ሚዛን_ተራ፦
ያገሬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ዲለር ዶክ ፊን ለአንዱ አንስቶ ለሌላው ማስከፈል አይፈልግም፤ አድልዎ ተብሎ እንዳይከሰስ ይፈራል፣ በአንዳንድ ስቴትም ለሁሉም እኩል እንዲሆን ይጠየቃል። ስለዚህ «አንሱ» ብሎ ግንባር ለግንባር መጋጨት አያዋጣም። «899ኙ ይቆይ፣ የቤቱን ዋጋ 899 አውርዱት» ማለት ነው። ወረቀታቸው ሳይነካ ገንዘቡ ኪስሽ ይቀራል።

ጣሪያው እንደ ስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ቢበዛ 85 ዶላር ነው፣ ኒው ዮርክ 175። ሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 2024 ጀምሮ እስከ 800 ፈቅዷል። ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ጣሪያ የላቸውም። ጣሪያ ባለበት ስቴት ዲለሩ ገንዘቡን «ፕሬፕ» ወይም «ሃንድሊንግ» በሚል ሌላ ስም ይመልሰዋል፤ ለዚህ ነው በመስመር በመስመር መጣላት ሞኝነት የሚሆነው።

ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ይደርስልናል የሚል ካለ፦ ኤፍ.ቲ.ሲ. (የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) በዲሴምበር 2023 ያወጣው የዲለር ክፍያ ደንብ ከመነሻውም ተጎታች ቤትን አይመለከትም ነበር፤ የመኪናውንም የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ሽሮታል። «በ3 ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» የሚባለውም ዲለሩ ግቢ ገብቶ ለፈረመ አይሠራም።

ቁልፍ_13፦
ስለ ፒ.ዲ.አይ. ልጨምር፤ 1,295 ዶላር ከጠየቁ ምን እንደሚሠሩበት ማወቅ አለባችሁ። ፒ.ዲ.አይ. ከርክክብ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ነው። ቤቱን ለሽያጭ የማብቃት ሥራ ስለሆነ የሻጩ የራሱ ወጪ ነው፤ ዳቦ ቤት የምድጃ እሳት ለብቻው አያስከፍልም። ቢሆንም በዋጋው ውስጥ ይግባ ስትሉ የተፈረመበትን የፍተሻ ዝርዝር አብራችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ቤቱን ብቻ አጥበው ይሰጧችኋል።

በርክክቡ ዕለት እናንተም ፊት ለፊት አሠሩት፦

ውሃ፦ የንጹሑን ውሃ ታንክ ሞልተው ፓምፑን ያብሩ፣ ሁሉም ቧንቧ ይዘጋ። ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ዝም ማለት አለበት። ቧንቧ ሳይከፈት በየደቂቃው ቱር ካለ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ከሲንኩ ሥርና ከሽንት ቤቱ ጀርባ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩ።

ጋዝ፦ የመስመሩ ግፊት በማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) 11 የውሃ ኢንች አካባቢ መሆን አለበት፣ ተዘግቶ ሲቆይም መውረድ የለበትም። የሳሙና አረፋ ብቻ አይበቃም።

የውሃ ማሞቂያ፦ ታንኩ መሙላቱ ሳይረጋገጥ በኤሌክትሪክ አታስነሱት። ለክረምት ውሃው ማሞቂያውን እንዲያልፈው የተደረገው ባይፓስ ቫልቭ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀርቶ ማሞቂያው ባዶውን ከበራ ኤለመንቱ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ርክክብ ቀን ከሚበላሹት ነገሮች ይሄ አንደኛው ነው።

ፍሪጅ፦ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። «ዋዜማውን አብሩልን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ባትሪ፦ ከኤሌክትሪክ መስመር ሲሰካ በባትሪው ጫፍ 13.6 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ኮንቨርተሩ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚቀይረው) እየሞላ አይደለም።

ጣራ፦ መሰላል ጠይቁና ውጡ። በመስኮቶቹ፣ በጢስ መውጫዎቹና በጫፎቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ የተሰነጠቀ ወይም የተዘለለ ቦታ ካለው ፎቶ አንሱ።

ጎማ፦ ጎኑ ላይ ከዲ.ኦ.ቲ. ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት። የቸርኬ ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ መጠበቃቸውን እዩ፣ ከመጀመሪያው 50 እና 100 ማይል በኋላም ድገሙት፤ አዲስ ቸርኬ ላይ ብሎን ይላላል።

ለዚህ ሁሉ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ያዙ። 20 ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ዲለር ፒ.ዲ.አይ. አልሠራም።

ሸገር_ቨርጂኒያ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪና ፕሮፔኑስ? ሂቹስ ውጭ ቢገጠም ይረክሳል?

ቁልፍ_13፦
አብዛኛው ተጎታች ቤት ከፋብሪካ ያለ ባትሪ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ባትሪው እውነተኛ ወጪ ነው። ግን ተራ ዲፕ ሳይክል ባትሪ መደብር ውስጥ ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው። ፕሮፔኑ ሁለት ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ነው፣ እያንዳንዱ 4.7 ጋሎን ገደማ ይይዛል፤ ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን ሁለቱም 38 ዶላር አይሞሉም። 495ቱ ውስጥ የቆሻሻ ቱቦ፣ የውሃ ቱቦና የግፊት መቀነሻ ካለ ቀሪውን ይሸፍናሉ፤ ከሌለ ግን ዓይን ያወጣ ነው። መርካቶ ቢሆን ይሄን ሁሉ ምርቃት ነበር የሚሰጡሽ፤ እዚህም ምርቃት አድርገሽ ጠይቂው፣ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ መስጠት ይቀልላቸዋል።

ሂቹ ላይ ግን ከዋጋው በፊት ልኩን ተመልከቺ። ተጎታቹ ተጭኖ 7,000 ፓውንድ ከሆነ በአንገቱ ላይ የሚያርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ማለትም ከ700 እስከ 1,050 ፓውንድ። ዲለሮች ባዶውን ክብደት አይተው 600 ፓውንድ የሚችል ዘንግ ይገጥማሉ፤ ቤቱ ሲጫን ፒክአፑ ከኋላ ይወርዳል፣ ከፊት መሪው ይቀላል፣ ነፋስ ሲመታው ተጎታቹ ይወዛወዛል። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ ከ500 እስከ 800 ዶላር ይገኛል፤ የሚገጥም ባለሙያ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። 1,450ው የብሬክ መቆጣጠሪያውን ካካተተ ያን ያህል አያናድድም፤ ካላካተተ ውጭ ግጠሚ። የፒክአፕሽን በር ከፍተሽም የመጫን አቅሙን አንብቢ፤ አንገቱ ላይ የሚያርፈው፣ ሰዎቹና ሂቹ በድምሩ ከዚያ ካለፉ የዋጋ ድርድሩ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ካልኩሌተር፦
ጋሽ ሚዛን የነገሩሽ ከፋይናንስ ክፍሉ በር በፊት ያለውን ነው። ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው ከበሩ ኋላ ነው።

የቀለም መከላከያና የጎማ ዋስትና አብረው 1,990 ናቸው። ሻጩ «በወር 20 ዶላር ብቻ» ይልሻል፣ ልክም ነው፦ በ8.5 በመቶ ለ15 ዓመት በወር 19.60 ይመጣል። ሲያልቅ ግን የከፈልሽው 3,527 ዶላር ነው። የቀለም መከላከያው በቆርቆሮ የሚሸጥ ሰም ዓይነት ነገር ነው። የጎማው ዋስትና ደግሞ ፍንዳታውን ቢከፍልም ፈንድቶ የገነጠለውን የቤቱን ጎን የማይከፍል ሊሆን ይችላል፤ ይህን መስመር በጽሑፍ ሳታዪ አትግዢ። ሁለቱንም ሰርዣቸው።

ወለዱ ደግሞ የባሰ ነው። ባንኩ ለዲለሩ በ7.5 በመቶ ይሰጠዋል እንበል፣ ዲለሩ ለአንቺ 9 ብሎ ልዩነቱን ይካፈላል። 36,000 ዶላር ለ15 ዓመት በ7.5 በወር 334፣ በ9 ግን 365 ነው። በ180 ወር 5,650 ዶላር ገደማ ልዩነት አለው። ዶክ ፊ ላይ ግማሽ ቀን ተከራክሮ እዚህ ላይ ዝም ብሎ የሚፈርም ሞልቷል። ከመሄድሽ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) የብድር ቅድሚያ ፈቃድ ያዢ፤ ዲለሩ ያንን ከበለጠ ጥሩ፣ ካልበለጠ ያንቺኑ ተጠቀሚ።

ጥሬ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ዋጋው ሳይቆረጥ «በካሽ ነው» አይበል። ዲለሩ ከብድር የሚያገኘውን ጥቅም አስልቶ ዋጋ ይለቃል፤ ካሽ ሲሰማ መልሶ ያጠብቃል።

ያገሬ_መንገድ፦
በብድር ይዞ በወሩ መዝጋትስ?

ካልኩሌተር፦
ያለ ቅጣት ቀድሞ መዝጋት እንደሚቻል ውሉ ላይ ከተጻፈ ይቻላል። ብድሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተዘጋ ግን ባንኩ ለዲለሩ የሰጠውን ድርሻ መልሶ ይቀበለዋል፤ ለዚህ ነው «ቢያንስ ይህን ያህል ወር ያዙልን» የሚሉት። ልመና እንጂ ግዴታ አይደለም። አንድ የተረሳ ነገር ደግሞ አለ፦ መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው ተጎታች ለአይ.አር.ኤስ. (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ሁለተኛ ቤት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ብድሩ በተጎታቹ ዋስትና የተያዘ ከሆነና ተቀናሾቻችሁን በዝርዝር የምትሞሉ ከሆነ ወለዱ ይቀነስላችሁ እንደሆን የታክስ ሠሪያችሁን ጠይቁ።

ሚዛን_ተራ፦
ስለ ጊዜውም ልበል። ዲለሩ ግቢው ውስጥ ያለውን ዕቃ በብድር ነው የገዛው፣ በየቀኑ ወለድ ይቆጥርበታል። ዕቃው ብዙ ወር ሲቆይ አበዳሪው ከዋናው ብድርም ክፈል ማለት ይጀምራል። ስለዚህ የምትፈልጊው ቤት ግቢው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆመ ማወቅ ትልቅ ጉልበት ነው። ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ በግራ በኩል ፊት ለፊት ያለው የፋብሪካ መለያ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ተጽፏል። አዲሱ ሞዴል በበጋው መግባት ሲጀምር ያለፈው ዓመት ይወርዳል። ግን ያረጀ ሞዴል ስትገዢ ቅናሹ ትልቅ መሆን አለበት፦ ነገ ስትሸጪው የሚታየው የሞዴሉ ዓመት ነው፣ ጎማውም ፀሐይ ላይ ቆሞ አርጅቷል።

የኤግዚቢሽን ዋጋም አያስደንግጥሽ። በሴፕቴምበር ፔንስልቬንያ፣ ኸርሺ ላይ ትልቁ ትርኢት አለ። «ዛሬ ብቻ» የሚባለውን ዋጋ በማግስቱ ግቢው ድረስ ሄደሽ ጠይቂ፤ ዕቃው ካልተሸጠ ዋጋውም አልሞተም።

አሁን ኢሜይሉን ላኪ። አጭር ይሁን፣ ለሦስት ዲለር አንድ ዓይነት። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «የዚህን ሞዴል፣ የዚህን ስቶክ ቁጥር ቁርጥ ዋጋ ላኩልኝ። ፍሬይት፣ ፕሬፕ፣ ፒ.ዲ.አይ.፣ ዶክ ፊ፣ አንድ ባትሪና የተሞሉ ሁለት ፕሮፔን ይካተቱ። የቀለም መከላከያ፣ የጎማ ዋስትናና ተጨማሪ ዋራንቲ አልፈልግም። ታክሱን በ4.15 በመቶ ለብቻው አሳዩ። ዋጋው እስከ ዓርብ ይጸናል ብላችሁ ጻፉልኝ።» ስልክ ላይ ቁጥር አትቀባበዪ፤ ስልክ ላይ የተባለ ነገር ፋይናንስ ክፍሉ ሲደርስ ይረሳል።

ሸገር_ቨርጂኒያ፦
ጋሽ ሚዛን፣ እርስዎ እንዳሉት ልኬላቸዋለሁ። አንዱ «ቀብድ 500 ከፍለሽ ነው ቁርጡ የሚሰጠው» አለ። ልስጥ?

ሚዛን_ተራ፦
ቀብድ ዋጋ ለማወቅ አይከፈልም። ዋጋው በጽሑፍ ከመጣ በኋላ ዕቃውን ለማስያዝ ከሆነ፣ በክሬዲት ካርድ፣ «ተመላሽ ነው» ተብሎ በውሉ ላይ ተጽፎ። ከዚያ በታች አንድ መስመር አስጨምሪ፦ «ግዢው በርክክብ ቀን በሚደረግ ፍተሻ ገዢዋ ስትረካ ይጸናል።»

እኛ ሐበሾች ላይ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። ሰዓቱ ይመሻል፣ ቡና ይቀርባል፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ይጨብጣል፣ ከዚያ ወረቀቱ ሲወጣ ያልተነገረ 395 ዶላር ተጨምሮበታል። ቡና ጠጥቼ እንዴት እከራከራለሁ የሚለው ይሉኝታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ውድ ነው። የኢሜይሉን ወረቀት አትመሽ ያዢና መስመር በመስመር አስተያዪ። አንድ ቁጥር ከተለየ «ወደ ኢሜይሉ መልሱት» በይና ዝም በይ። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቁልፍ_13፦
ፊርማውንም ከፍተሻው በኋላ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ቢሮ ያስገቡና ያስፈርማሉ፣ ከዚያ ነው ቤቱን የሚያሳዩት። «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ወረቀት ከፈረምሽ በኋላ የሚገኝ ጉድለት ሁሉ የዋራንቲ ቀጠሮ ይሆናል፤ በበጋ ወረፋው ሳምንታት ይፈጃል። ጉድለት ተገኝቶ «ኋላ እንሠራዋለን» ካሉ «ዊ ኦው» (ያለብን ሥራ) የሚባለው ቅጽ ላይ ዕቃው፣ የሚሠራበት ቀንና የአስኪያጁ ፊርማ ይኑር። «መስኮቱ ይታያል» ሳይሆን «የመኝታ ክፍሉ የቀኝ መስኮት ማሸጊያ ይቀየራል» ተብሎ።

ታኮማ_ፓርክ፦
እዚህ ላይ ልግባ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ርካሹ ያለው ግን ቨርጂኒያ። የቨርጂኒያን 4.15 ከፍዬ እገላገላለሁ?

ካልኩሌተር፦
አይደለም ወንድሜ። ታክሱ የሚከተለው ታርጋው የሚወጣበትን ስቴት ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ነው። በ38,449 ላይ 2,499 ዶላር ይመጣል፣ ከቨርጂኒያው ወደ 900 ይበልጣል። ዲለሩን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ የሜሪላንድን ታክስና ስም ማዞሪያ ራሱ ይፈጽማል ወይስ አንተ ኤም.ቪ.ኤ. (የሜሪላንድ የታርጋ መሥሪያ ቤት) ትሄዳለህ? አንተ ከሆንክ የቨርጂኒያን ታክስ እንዳይቆርጥብህ በውሉ ላይ እይ፣ ጊዜያዊ ታርጋና ተጎታቹ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን የመነሻ ሰርተፊኬት ዋናውን ተቀበል፤ ያለ እሱ ስም አይዞርም።

ታኮማ_ፓርክ፦
ሌላ ስቴት በሆንኩበት 899ኙን ዶክ ፊ ለምን እከፍላለሁ ብል ያስኬዳል?

ሚዛን_ተራ፦
ያስኬዳል። «ወረቀቱን እኔ ነኝ የምጨርሰው» በል። 899ኙ ላይ አይቀንሱልህም፣ የቤቱ ዋጋ ላይ ግን 400 ወይም 500 ለማስወረድ ጥሩ ምክንያት ነው።